አይጧ የጎሰጎሰችው ቀዳዳ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ንፋስ ጠላት ነበር። አትሳቁ! ጠላት ነበር ስላችሁ። እናንተ ዛሬ ጉንፋን ከቫይረስ ነው ትላላችሁ፣ በእኛ ጊዜ ግን ሁሉም ከንፋስ ነው፤ ወገብህን ቢቆርጥህ ንፋስ፣ አንገትህ አልዞር ቢል ንፋስ፣ የሰው ፊት ቢጣመም ንፋስ መታው ነው። ታዲያ እኔ ደግሞ ከሁሉም የባስኩ ነኝ። ታክሲ ስገባ ገና ሳልቀመጥ "መስኮት!" ነው የምለው። ረዳቱ፣ "አባት፣ ሰው ታፈነ እኮ!" ይላል። እኔ፣ "ይታፈን! መታፈን ማንን ገደለ? የሚገድለው ንፋስ ነው!" እላለሁ። እንግዲህ እንዲህ ብዬ በአፌ የተናገርኩ ሰው ነኝ። መታፈን ማንን ገደለ ብዬ።

ከድር፣ ጠጋ በል ወደዚህ። ሃያት፣ አንቺ እዚያ ወንበር ላይ ሁኚ፣ ሆድሽ ገፍቷል፣ ዱካው አይመችሽም። ዛሬ የጠራኋችሁ ለሌላ አይደለም። ትናንት በአጥሩ በኩል ሳይ፣ አዲሱ ቤታችሁ መስኮት ላይ ላስቲክ ስትመታ አየሁህ፣ ከድር። ይሁን፣ ሱሉልታ ብርድ ነው አልኩ። ቀጥለህ ግን የሲሚንቶ ባልዲ ይዘህ ግንበኛው የተወውን ቀዳዳ ልትደፍን መሰላል ላይ ስትወጣ ጊዜ፣ ምን ልበልህ፣ የያዝኩትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመስኩም። ሚስቴ ወርቄ "ምን ሆንክ?" ትለኛለች፣ እኔ "ምንም" እላለሁ። ምንም አይደለም እንዴ? እንደሱማ አይደለም።

እና ልነግራችሁ ነው፣ ግን ይሄን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ወርቄ ቤተክርስቲያን ናት፣ ሌንሴ ልጄም ልጇን ይዛ ገበያ ወርዳለች፣ እንጂ እነሱ ባሉበት አልነካውም። አምስት ዓመት ሆዴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ድምፃችንን ዝቅ እናድርግ ብቻ፣ ይሄ ከበሩ በላይ የምታዩት ቀዳዳ ወደ ጓዳ ወሬ ያሳልፋል፤ ለምን እንደተቀደደ ትሰማላችሁ።

ንፋስ እንዴት እንዲህ አስፈራህ ብትሉኝ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሰበታ የጨርቅ ፋብሪካ ሠርቻለሁ። የሽመናው አዳራሽ ሙቀት ነው፣ ላብ ነው። ፈረቃ ሲያልቅ ከነላብህ ውጭ ትወጣለህ፣ ብርዱ ደረትህን ይልሃል፣ በማግስቱ ትተኛለህ። ጓደኞቼ እንዲህ ሲታመሙ አይቻለሁ። ታዲያ ያኔ ካኪ ቱታ ነበረን፣ የነሐስ ቁልፍ ያለው፣ እሷን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነው የምወጣው። ጡረታ ስወጣም ቱታዬን ይዣት መጣሁ፣ አልጣልኳትም።

እዚያው ሰበታ አንድ ጓደኛ አለኝ፣ መምህር ገመቹ። ዓይኑ በልጅነቱ ነው የጠፋው። እዚያው በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምሮ መምህር ሆነ፣ እና አንድ ግቢ ተከራይተን ሃያ ዓመት ጎረቤት ኖርን። ነገረኛ ነው! ሲያስቸግር ደግሞ አያድርስ። "ዳባ፣ ዛሬ ሸሚዝህን ገልብጠህ ነው የለበስከው" ይለኛል። ሳይ እውነቱን ነው። "በምን አወቅህ?" ስለው፣ "ትከሻህን ስነካ ስፌቱ በውጭ ነው፣ አንተ ዓይን አለህ፣ ምን ታደርግበታለህ?" ይለኛል።

ታዲያ ጡረታ ወጣሁና እዚህ ሱሉልታ፣ ያባቴ መሬት ላይ፣ ይቺን ቤት በብሎኬት ሠራሁ። ግንበኛው ኦቦ በዳሳ ይባላል፣ ዝምተኛ ሰው። የኋላውን ክፍል፣ ጓዳውን፣ ሲገነባ አንድ ከላይ ከጣሪያው ሥር፣ አንድ ከታች ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የምታሳልፍ ቀዳዳ ተወ። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት። "መተንፈሻ ነው፣ ኦቦ።" "ለማን?" "ለቤቱ።" "ቤት አፍንጫ አለው እንዴ?" አልኩና ሳቅሁበት። እሱ አልሳቀም።

እና ገባንበት፣ ግን ቤቱ አልስማማ አለን። ሳሎኑ፣ ይሄ የተቀመጣችሁበት፣ ፍሪጅ ነው! ያ ከሜዳው የሚመጣ ብርድ ሽቅብ ወደ ጉልበት ይወጣል። ጓዳው ደግሞ ኮርኒስ የለውም፣ ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይግላል፣ ደመና ሲሆን ይቀዘቅዛል። እንግዳ ሳሎን ጋቢ ተከናንቦ ይቀመጥና ጓዳ ሲገባ ያወልቃል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አገር! እኔ ግን ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፣ ጥፋቱን በሙሉ ለንፋስ ሰጠሁት።

ታዲያ በዚያ ክረምት ሌንሴ ወለደች። ባሏ ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው፣ እና ልትታረስ እኛ ጋ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ፣ የእኔም የመጀመሪያ የልጅ ልጅ፣ ሲፈን። አራስ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ገላዋ ክፍት ነው ይባላል፣ ንፋስ ቢያገኛት አለቀላት። ሳሎን አይሆንም፣ ጓዳ አስተኛናት። እኔ ገብቼ ስቆም ከዚያች ከላይኛዋ ቀዳዳ ቀዝቃዛ ነገር ግንባሬን ነካኝ። ግንባሬን ብቻ! "ይቺማ ልጄን ትገድልብኛለች" አልኩ።

ምን አደረግሁ? ሌንሴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች፣ ሕፃኗም ተኝታለች። ቱታዬን አመጣሁና ለሁለት ቀደድኳት፣ ወንበር አስጠግቼ፣ በዚህ በሽተኛ ጉልበቴ ወጥቼ፣ ግማሿን ላይኛው ቀዳዳ ውስጥ ጎሰጎስኳት። ግማሿን ታችኛው ውስጥ። በማግስቱ ከበሩ ሥር የመኪና ካላማዳሪ ቆርጬ በሚስማር መታሁ፣ ስትዘጋው ጥርቅም ይላል። ቁም ሳጥኑን ገፍቼ መስኮቱ ላይ አስደገፍኩት። እና እፎይ አልኩ። ስለ ካላማዳሪውና ስለ ቁም ሳጥኑ ለሁሉም አወራሁ፣ ጉራዬን ነዛሁ። ቱታዋን ስቀድ ግን ወርቄ አላየችም፤ ብታይ "ያቺን የመሰለች ካኪ!" ብላ ትጮህብኛለች ብዬ ዝም አልኩ።

ታዲያ ዝናቡ ሲበረታ፣ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ፣ ከሰል እናስገባለን። ዝም ብለን አይደለም! እኛ ሞኝ አይደለንም፣ ውጭ ይቀጣጠላል፣ ጭሱ ይወጣል፣ ፍም ሲሆን ነው ከነማንደጃው የሚገባው። ጭሱ የወጣለት ፍም ምን ያደርጋል? እንዲህ ነው የምናውቀው። እናንተስ እንዲህ አይደል የምታውቁት?

ከዚያ ሌንሴ ራሴን አለች። ቀን ቀን ራሷን ይፈልጣታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል። ሕፃኗ ጡት ጎርሳ ትተኛለች፣ አትስብም። ወርቄ፣ "ምች ነው" አለች፣ ዳማከሴ አሸተተቻት። ጎረቤት መጣች፣ "ዓይን ነው" አለች። ሌላዋ መጣች፣ "ቤቱ አልወደዳትም፣ ከምን ላይ እንደተሠራ ማን ያውቃል?" አለች። ያባቴ መሬት እኮ ነው! እኔ ያቺን ቃል ከሰማሁ በኋላ በየሰዓቱ ጓዳ እየገባሁ ጆሮዬን ወደ ሕፃኗ አፍንጫ አስጠጋለሁ፣ ትተነፍሳለች? ትተነፍሳለች። ወጥቼ ሳሎን እቀመጣለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። በሩን ደግሞ ከኋላዬ ጥርቅም አድርጌ!

ወርቄ ጸበል እንውሰዳት አለች። በባጃጅ ወሰድናት፣ እና ተአምር! ገና እዚያ ሳንደርስ "እማዬ፣ ተወኝ እኮ" አለች። ወርቄ እልል አለች። ተጠምቃ ስንመለስ በማግስቱ ያው። እንደገና ወሰድናት፣ መንገድ ላይ ተዋት፣ ቤት ስንገባ ያው። ሦስት ጊዜ! ከድር፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ሰው ከቤት ሲወጣ የሚድን፣ ቤት ሲገባ የሚታመም ከሆነ ምን ትላለህ? ቤቱ ነው ትላለህ አይደል? እኛም ቤቱ ነው አልን፣ ግን ሰይጣን ፈለግንበት እንጂ ቀዳዳ አልፈለግንም።

በአራተኛው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ መምህር ገመቹ አራስ ሊጠይቅ ከሰበታ መጣ። በዚያ ዝናብ፣ ሦስት ታክሲ ቀይሮ፣ ቅቤ በሣህን አንጠልጥሎ። "አካም ጂርታ፣ ዳባ?" "ፈያ፣ ፈያ፣ ግባ።" ወርቄ ዱላውን ተቀበለችውና "መምህር፣ ይምጡ፣ ሕፃኗን ይባርኳት" ብላ ወደ ጓዳ ወሰደችው። በሩን ከፈተች። እሱ ደፉ ላይ ቆመ። ቀጥ!

"ይግቡ እንጂ" አለችው።

"ቆይ" አለ። ፊቱን እንዲህ ወዲያና ወዲህ አዞረ። "ዳባ፣ የዚህ ክፍል መስኮት በየት በኩል ነው?"

"በግራ።"

"የለም።"

"አለ እንጂ! እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አንተ ነህ?"

"ሰማህ፣ እኔ ቤት ስገባ መስኮቱን በጉንጬ ነው የማየው። እዚህ ጉንጬ ላይ ምንም የለም። ሳጥን ውስጥ የገባሁ መሰለኝ። እሳት አለ እዚህ?"

"ፍም ነው፣ ጭስ የለውም" አልኩት።

"ሌንሴ!" ብሎ ተጣራ። ዝም። "ሌንሴ፣ ልጄ!" ዝም። ሣህኑን ከእጁ ለቀቀው፣ ቅቤው ወለሉ ላይ። "ዳባ፣ አውጣቸው! አሁን! አውጣቸው!"

ገብቼ ሌንሴን ነቀነቅኋት፣ አንገቷ እንዲህ ወደቀ። ወርቄ ጮኸች። እሷና መምህር በብብቷ ይዘው ይጎትቷታል፣ እኔ ሕፃኗን አነሳሁ። እጄ ላይ ጨርቅ ናት። ምንም አትይዝም፣ ጨርቅ! በሳሎኑ አልፌ ውጭ ወጣሁ። ዝናብ ነው፣ ያ ከሜዳው የሚመጣ ንፋስ ነው፣ ዕድሜ ልኬን የሸሸሁት። እና እኔ ዳባ፣ የታክሲ መስኮት የማዘጋው ሰውዬ፣ የአራት ሳምንት ሕፃን ፊቷን ገልጬ ለንፋሱ ሰጠኋት። "ምታት! ምታት እባክህ!" እላለሁ፣ ንፋሱን እለምነዋለሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ከዚያ አነጠሰች። አነጠሰችና አለቀሰች። እኔም እዚያው ጭቃው ላይ ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ ምን ያሳፍረኛል?

ባጃጅ ተገኘ፣ ጤና ጣቢያ ደረስን። ሌንሴ መንገድ ላይ ዓይኗን ገለጠች። ለሁለቱም ኦክስጅን አደረጉላቸው። ነርሷ ልጅ እግር ናት፣ "ቤት ውስጥ ከሰል ነበር?" አለችኝ። "ፍም ነው፣ ጭሱ ወጥቷል።" "አባት፣ የሚገድለው እኮ የማይታየው ነው፣ ፍሙም ያወጣዋል። ክፍሉ መተንፈሻ የለውም?" እኔ ምን አልኩ? "አለው" አልኩ። አልዋሸሁም፣ አለው! መጎስጎሱን ግን አልተናገርኩም። እሷም "ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ…" ብላ ጀመረችና ተወችው። ያቺን ያልጨረሰቻትን እስከ ዛሬ እኔ እጨርሳታለሁ።

በማግስቱ ወደ ቤት መለሱልን። መምህር አልሄደም፣ እኛ ጋ አድሯል። "ይሄን ቤት ላየው ነው" አለ። እጁን ውሃ ውስጥ ነከረና እርጥቡን እጁን ዘርግቶ ግድግዳ ግድግዳውን ሄደ። እርጥብ እጅ ትንሿን ነፋሻ ነገር ያውቃል፣ ሞክሩት። ሳሎን ውስጥ፣ "እዚህ ጋ ቁርጭምጭሚቴን፣ እዚህ ጋ ጆሮዬን በረደኝ" ይላል። ሳይ በሜዳው በኩል በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። የውጭው በር ሥርም እንደዚያው። "ሌባው በሳሎን ይገባል፣ አንተ ጓዳ ትቆልፋለህ" አለኝ። ጓዳ ገባ፣ ዱላውን ሽቅብ ሰደደ፣ ቀዳዳዋን አገኛት። በዱላው ጫፍ ጎተት አደረገ። ጨርቅ እጁ ላይ ወደቀ።

ልጆቼ፣ ያኔ ሌንሴ ሕፃኗን አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፣ ወርቄ ከኋላዋ። መምህር ጨርቁን በጣቶቹ ዳበሰ፣ ዳበሰ፣ ቁልፏ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሃያ ዓመት ትከሻዬን ሲይዝ የነካት ቁልፍ ናት፣ አያውቃትም? "ምንድን ነው፣ መምህር?" አለች ወርቄ። እሱ ምን ቢል ጥሩ ነው? "አይጥ ናት" አለ። "አይጥ ጨርቅ ጎስጉሳበታለች።" እና ቁልፏን በጥሶ፣ እጄን ፈልጎ፣ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠልኝ። ጣቶቼን ራሱ አጠፈልኝ። ወርቄ አይጧን እስኪበቃት ረገመቻት። እኔ ቆሜ እየሰማሁ!

ኋላ ብቻችንን ስንሆን ምን አለኝ፣ "ዳባ፣ አንተ ቡቤንና ቂሌንሳን አንድ አደረግሃቸው።" ሃያት፣ አንቺ ኦሮምኛ አይገባሽም መሰለኝ፤ ቡቤ ያ የሚመታው ንፋስ ነው፣ ቂሌንሳ የምንተነፍሰው አየር ነው። "ቡቤን ዝጋ፣ ቂሌንሳን ተው" አለኝ። እና እንደዚያ አደረግን። የሳሎኑን ክፍተት በሜዳው በኩል ደፈንኩ። ጓዳው ኮርኒስ ተመታለት፣ ከኮርኒሱ በላይ ያለው ሙቀት በጎን እንዲወጣ ተደረገ። ሁለቱ መተንፈሻ ተከፈቱ፣ ወንፊት ሽቦ ተመታባቸው። ቁም ሳጥኑ ከመስኮቱ ተነሳ። ካላማዳሪዋን ነቅዬ የጓዳውን በር ከሥሩ ሁለት ጣት ቆረጥኩት፣ ከበሩ በላይ ደግሞ ይቺን ቀዳዳ ቀደድኩ፣ የጓዳው ሙቀት ወደ ሳሎን እንዲመጣ። እኩል ሆኑ አልልም፣ ግን ተቀራረቡ፣ አንድ አገር ሆኑ። ከሰል ከዚያ ወዲህ ደፍ አልረገጠም። ብርድ ሲሆን ጋቢ፣ ካልሲ፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ እግር ሥር፣ በቃ።

ቁልፏ ይቺውላችሁ። ከኪሴ ወጥታ አታውቅም። ሲፈን እዚህ ስትሮጥ ባየሁ ቁጥር እዳብሳታለሁ። ሌንሴ አንድ ቀን ታውቃለች ብዬ እፈራለሁ። "አባዬ፣ አንተ ነህ እንዴ?" ብትለኝ ምን እላለሁ? ስለዚህ፣ ከድር፣ እባክህ፣ ያን ላስቲክ ንቀልልኝ፣ ባልዲውንም አምጣው እኔ ጋ ይቀመጥ። እኔ ሁለተኛ…

*

ኦቦ ዳባ ይህን ለእኔ ለከድርና ለሃያት ሲያወሩ እዚህ ላይ አቆሙ። ከበሩ በላይ ካለው ቀዳዳ የሴት ድምፅ መጣ።

"አባዬ።"

"እ? ማነው? ሌንሴ? ገበያ አልሄድሽም እንዴ!"

"ተመለስኩ። በጓሮ ገብቼ ሲፈንን እያስተኛሁ ነው፣ ደክሟታል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው ያለሽው?"

"ከቱታዋ ጀምሮ።"

ሽማግሌው ቁልፏን ጨበጡ። ሃያት እኔን አየችኝ፣ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ሌንሴ… ልጄ… እኔ እኮ…"

"አባዬ፣ አይጧን ጉልበቷን ያማት ነበር" አለች ከወዲያ። "ወንበር ላይ ስትወጣ 'ዋይ ጉልበቴ' ስትል ሰምቻታለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው ያዞርኩት ሳቄ እንዳይነቃብኝ ነው። ስትጎሰጉስም፣ 'ልጄን ብርድ እንዳያገኝብኝ፣ ልጄን ብርድ እንዳያገኝብኝ' እያለች ነበር። ያፈነን እሱ መሆኑ መምህር ጨርቁን ሲያወጡት ነው የገባኝ። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት አይጧ እንዳታፍር ብዬ ነው።"

ኦቦ ዳባ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፣ ሲገልጡት ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው በቀዳዳው አልፎ ሲፈንን ቀሰቀሳት መሰለኝ፣ ቀጭን ድምፅ ሰማን።

"እማዬ፣ አባባ ምን ሆኖ ነው?"

"ምንም አልሆነም፣ ተኚ። አይጥ አይቶ ነው።"